በቀኝ በኩል ያለው ጀሪካን

«ይህን ብልቃጥ መጨረሻ ላይ ያለቀለቅሽው በየትኛው ውሃ ነው?»

ኬሚስቱ መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንን ነው። ያን ቀን መልሱን አላውቀውም ነበር።

ሥራ ከጀመርኩ አራተኛ ቀኔ ነበር። ጨርቅ የሚያነጣ ፈሳሽ በሚያመርት ፋብሪካ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ የመስታወት ዕቃ አጣቢ ነበርኩ። እሱ ሲጠይቀኝ ያየው ብልቃጡን እንጂ እኔን አልነበረም። ከዚያ ቀና አለ። ዓይናችን ተጋጨ። በእጄ ይዤው የነበረው ሌላ ብልቃጥ ሾልኮ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ።

«ውይ! ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ... አሁን እጠርገዋለሁ!»

«ተይው፣ እጅሽን ይቆርጥሻል።»

ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን ራሱ ለቀመው። ጥያቄውን እንደረሳው መሰለኝና በሆዴ ተመስገን አልኩ።

ከማጠቢያው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ሁለት ሰማያዊ ጀሪካኖች ነበሩ። መልካቸውም መጠናቸውም አንድ ነው። በእያንዳንዳቸው ላይ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። ከእኔ በፊት የነበረችው አጣቢ ስትለቅ «በግራው እጠቢ፣ በቀኙ አለቅልቂ። የኬሚስቱን የማቅጠኛ ውሃ ጠርሙስም በቀኙ ሙዪ» ብላኝ ነበር። እኔም ያለችኝን አደረግሁ። ወረቀቱ የሚለውን ግን አላውቅም ነበር። ማንበብ አልችልም ነበርና።

ላቦራቶሪ ውስጥ ማንበብ የማይችል ሰው አይቀጠርም። ፎርሙን የሞላችልኝ ልጄ ናት። «ማንበብና መጻፍ ትችላለች» ብላ ጻፈችልኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከእኔ በፊት እዚያው ፋብሪካ ታች፣ የታንከሩ አዳራሽ ውስጥ ተቀጥራ ነበር። አባቷ ገና በእቅፌ ሳለች ጥሎን ከሄደ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። «እማዬ፣ አይዞሽ፤ ቶሎ ትማሪያለሽ» አለችኝ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ።

በማግስቱ ኬሚስቱ እንደገና መጣ።

«ትናንት አልመለስሽልኝም እኮ። በተጣራው ውሃ ነው፣ አይደል?»

መልሱ ራሱ እጁን ዘርግቶ የመጣልኝ መሰለኝ።

«አዎ ጌታዬ። በተጣራው ነው።»

አመነኝ። ደብተሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። እናንተ የምታነቡኝ፣ ልጄን ልትበላብኝ የነበረችው ይህች አንዲት ቃል ናት።

ሠራተኛው ሁሉ ኬሚስቱን «ሰከንድ» ነበር የሚለው፤ አንገቱ ላይ ከተንጠለጠለው ሰዓት የተነሳ ነው። አንድ ጊዜ ተጭኖ ያስነሳዋል፣ አንድ ጊዜ ተጭኖ ያቆመዋል።

«ሰከንድ ለምን እንዳላገባ ታውቂያለሽ?» አለኝ የበሩ ዘበኛ አንድ ጠዋት።

«ለምን?»

«እጮኛው ሦስት ደቂቃ አርፍዳበት ነዋ!»

ሳቅሁ። ላቦራቶሪው ደርሼ ሳየውም ሳቄ አልቆም አለኝ። «ምን ያስቅሻል?» አለኝ። ነገርኩት። መጀመሪያ ፊቱን ኮስተር አደረገ። ከዚያ፣ «ሦስት አይደለም፤ አራት ደቂቃ ነው» አለ። ሲስቅ መጀመሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው። እድሜው ከእኔ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ሲስቅ ግን ልጅ ይሆናል።

በሳምንቱ ሥራ እንዳግዘው ጠየቀኝ።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ዓይንሽን።»

ደነገጥኩ። «ዓይኔን?»

«አዎ። እዚህ ቱቦ ላይ ቀይ መስመር አለ። ጋዙ እዚያ ሲደርስ ‹አሁን!› ትይኛለሽ። እኔ ሰዓቱን እይዛለሁ።»

እንዲህ ነው አጠገብ ለአጠገብ መቀመጥ የጀመርነው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይፈርሳል፤ ሲፈርስ አረፋ ይሆናል፤ አረፋው ጋዙን በቱቦው ይሰዳል። እኔ መስመሩን አያለሁ። እሱ ይቆጥራል። ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ይህ ሁሉ ለምንድን ነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ታች አዲስ ትልቅ ታንከር እየተተከለ ነው። አይተሽዋል?»

እንዴት አላየውም! ልጄ የምትመደበው እዚያ ነው።

«የምርት ኃላፊው ከብረት ቧንቧ ጋር ሊያገናኘው ይፈልጋል» አለኝ። «የማይዝገው ቧንቧ እስኪመጣ አልጠብቅም ብሏል። ፈሳሹ የሚፈርሰው በሙቀት ብቻ ነው፣ ካቀዘቀዝነው ምንም አይሆንም ባይ ነው። የእኔ ግምት ሌላ ነው። የዝገትም እጅ ያለበት ይመስለኛል። ዝገቱ ፈሳሹን ይይዘዋል፣ ያፈርሰዋል፣ ራሱ ምንም ሳይሆን ይወጣል። ከዚያ ሌላውን ይይዛል። ደግሞ ሌላውን። አይጠግብም።»

ወደ ብልቃጡ ጠጋ አልኩ።

«ታዲያ ውስጡን አይተው ማወቅ አይቻልም?»

«ውስጡ ገብቶ ያየ ማንም የለም። የምናየው ፍጥነቱን ብቻ ነው። አስቢው፣ አንድ አዳራሽ ውጪ ቆመሻል፤ ውስጡ አይታይሽም። በደቂቃ ስንት ሰው እንደሚወጣ ከቆጠርሽ ግን በሩ ጠባብ ይሁን ሰፊ መጠርጠር ትችያለሽ። እሱ ልክ ከሆነ ዝገት ብጨምርም ባልጨምርም ፍጥነቱ አንድ ነው። እኔ ልክ ከሆንኩ ዝገት ያለበት ይፈጥናል፣ የሌለበት ይዘገያል።»

«ሰዓቱ ማን ልክ እንደሆነ ይነግረናላ!»

«አይ» አለና ፈገግ አለ። «ማን እንደተሳሳተ ነው የሚነግረን። ሙከራ አንድን ግምት እውነት ነህ አይለውም። ውሸት ከሆነ ግን ያጋልጠዋል።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ቆጠርን። ግማሹ ብልቃጥ ንጹህ፣ ግማሹ ዝገት የተጨመረበት። በየቀኑ ሻይ በሁለት ብርጭቆ ይዞ ይመጣ ጀመር። እኔም «እርስዎ» ማለቱን ረስቼ «አንተ» አልኩት። ምላሴን ስነክስ፣ «ተመስገን! ሸምግያለሁ እንዴ እያልኩ ሳዝን ነበር» አለኝ።

ልቤ ሞቀ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። የላቦራቶሪው ወለል ከታች ባሉት ሞተሮች ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። አንዳንዴ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብልቃጦች ማንም ሳይነካቸው እርስ በርስ ይንኳኳሉ። ልጄ ደግሞ ማታ ስትገባ የጣቶቿ ጫፍ ወረቀት መስለው ነጥተው አያለሁ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ፈሳሹ ነው እማዬ፤ ጓንቱ ተቀዶ ነው። በጠዋት ይለቃል። አታካብጂው።»

እይዛቸውና በእጄ አሻቸዋለሁ። ሕይወት ያለው ሰው ጣት አይመስልም።

አንድ ሐሙስ ኬሚስቱ ደብተሩን ዘግቶ ወደ ጎን ገፋው።

«ምን ሆንክ?»

«ግምቴ ወደቀ» አለኝ። «ንጹሁም በአራት ደቂቃ ይሞላል፤ ዝገት ያለበትም ወደ አራት ደቂቃ ገደማ ነው። ልዩነቱ ከእጅ ስህተት አይበልጥም። ዝገቱ ምንም አላደረገም።»

«ሌላ ጊዜ ብትሞክረውስ?»

«ሠላሳ ጊዜ ሞከርነው እኮ። እንዲሆን የምመኘውን እስካገኝ እየደጋገምኩ ብቆጥር፣ ያ ቆጠራ አይደለም።»

ወረቀቱን ፈረመ። «የብረት ቧንቧ መጠቀም ይቻላል» የሚል ነው። ለምርት ኃላፊው ላከለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ግን አትርፌያለሁ።»

«ምን?»

«ድሮ ይህን ደረጃ በሁለት ደቂቃ ነበር የምወጣው። አሁን በአርባ ሰከንድ እወጣዋለሁ። ማን ላይ ያለ ይመስልሻል?»

አንገቴን ደፋሁ። እጁን እጄ ላይ አደረገ። አልሸሸሁም። ለካ ያን ሰዓት ደስ ብሎኝ የተቀመጥኩት በራሴ ውሸት ላይ ኖሯል!

ቅዳሜና እሑድ ክፍል ገባሁ። ፊደል ልንጨርስ ጥቂት ቀርቶን ነበር። አስተማሪዋ አጥብቃ አስጠናችን። ወደ ቤት ስመለስ የሱቅ ጽሑፎች አንድ በአንድ ይገቡኝ ጀመር። «ጫማ»። «መድኃኒት»። «የሚከራይ ክፍል»። ደስታዬን መሸከም አቅቶኝ ብቻዬን እየሳቅሁ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ሽርጤን ታጥቄ ቀና ስል መደርደሪያውን አየሁ። በግራ ያለውን ወረቀት በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። «የተጣራ ውሃ»።

እጄ ቆመ።

በቀኝ ያለውን አነበብኩ። «የቧንቧ ውሃ»።

ደግሜ አነበብኩት። አልተለወጠም። ጀሪካኑን አነሳሁት። የተቀመጠበት ቦታ ላይ ክብ ቡናማ ምልክት ነበር። የዝገት ክብ። ውሃ የሚቀዳው ሰው ሞልቶ ሲመልሳቸው ቦታቸውን አቀያይሯቸው ኖሯል፤ እኔ ደግሞ «በቀኙ» እንደተባልኩ በቀኙ ቀጠልኩ። «ንጹህ» ያልናቸው ብልቃጦች በሙሉ፣ ማቅጠኛ ጠርሙሱም፣ ከመጀመሪያው ዝገት ነበረባቸው። እኛ የምንጨምራት ቁንጥር ዝገት በዚያ ላይ ለውጥ አታመጣም ነበር፤ ለዚህ ነው እኩል የሮጡት።

ከእግሬ በታች ወለሉ ይንቀጠቀጣል። አዲሱን ታንከር ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እየሞሉት ነበር። ልጄ እዚያ ናት።

ብናገር ከሥራ እባረራለሁ። ፎርሙን የሞላችውም ልጄ ናት፤ እሷንም ያባርሯታል። እሱም ይጠላኛል። ዝም ብል ደግሞ... ነጭ ጣቶቿ ዓይኔ ላይ መጡ። ኬሚስቱ በር ላይ ሲደርስ ሻዩን ከእጁ ሳልቀበል ተናገርኩ።

«ዋሽቼሃለሁ። ማንበብ አልችልም ነበር። ብልቃጦቹን ሁሉ ያለቀለቅሁት፣ ማቅጠኛ ጠርሙስህንም የሞላሁት በዚህ ነው።»

ጀሪካኑን አየ። ክቡን ምልክት አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጠየቅሁሽ እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለት ጊዜ ጠየቅሁሽ።»

«አውቃለሁ...»

«ለምን?»

«እንዳትንቀኝ ብዬ።»

«እንደምንቅሽ እርግጠኛ ሆነሽ ሳትጠይቂኝ ፈረድሽብኝ። የናቅሽውስ እኔን ነው።»

ከዚያ ሦስት ብልቃጥ አወረደ። በተጣራው ውሃ እኔው አጠብኳቸው፤ እሱ ቆሞ እያየኝ። ለአንዱ ማቅጠኛ የተጣራ ውሃ፣ ለሁለተኛው የቧንቧ ውሃ፣ ለሦስተኛው ግማሽ በግማሽ አደረገ። ሰዓቱን ከአንገቱ አውልቆ ሰጠኝ።

«አንቺ አንብቢው። ጮክ ብለሽ።»

የቧንቧ ውሃ ያለበት በአራት ደቂቃ መስመሩን ነካ። ግማሽ በግማሹ በስምንት። የተጣራው በአሥረኛው ደቂቃም ገና ከታች ነበር።

«ዝገቱ ግማሽ ሲሆን ፍጥነቱም ግማሽ ሆነ» አለ። «የወደቀው የምርት ኃላፊው ግምት ነው። ነይ!»

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። የምርት ኃላፊው አዳራሹ መሃል ቆሟል። ልጄ ታንከሩ አናት ላይ፣ መሰላሉ ጫፍ ላይ ናት።

«አቁሙት! ቧንቧው አደጋ ነው!» አለ ኬሚስቱ።

የምርት ኃላፊው ኪሱን መታ መታ አደረገ። «ሐሙስ የፈረምክበት ወረቀት እዚህ አለ። ይቻላል ብለሃል።»

«ሐሙስ ተሳስቻለሁ።»

«ዛሬስ እንዳልተሳሳትክ በምን አውቃለሁ?»

ያኔ ወደፊት ወጣሁ። ሠራተኛው ሁሉ ያየኛል። «ያሳሳትኩት እኔ ነኝ! ፊደል አልለይም ነበር፣ ዕቃውን በዝገት ውሃ አጠብኩት!»

አንድ ሰው ሳቀ። ልጄ ከላይ ሆና «እማዬ! ምን እያልሽ ነው?» አለች።

«የዕቃ አጣቢ ወሬ ሰምቼ ምርት አላቆምም!» አለ የምርት ኃላፊው።

ኬሚስቱ አልተከራከረም። የታንከሩን ቴርሞሜትር አሳየኝ። «በየደቂቃው አንብቢ» አለኝ። ሰዓቱን ያዝኩ።

«ሠላሳ አራት!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ሠላሳ አምስት!»

«ማቀዝቀዣው እየሠራ ነው» አለ የምርት ኃላፊው።

«ሠላሳ ሰባት!... አርባ አንድ!»

ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ማቀዝቀዣው እየሠራ ሙቀቱ እንደዚያ እየዘለለ ሲጨምር ለመፍራት ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። ሰዓቱን ለቀቅሁትና ጮህኩ።

«ልጄ፣ ውረጂ! በእናትነቴ አምላክ ውረጂ!»

ዘላ ወረደች። መሬት ስትነካ የታንከሩ ክዳን ማፏጨት ጀመረ። ሁሉም ወደ በሩ ሮጠ። የምርት ኃላፊውም ሮጠ። እኔ ልጄን ይዤ ዞር ስል ኬሚስቱን አየሁት፤ ወደ ኋላ እየሄደ ነበር። ከታንከሩ ጀርባ ያለውን የአደጋ ጊዜ ውሃ ማዞሪያ በቀኝ እጁ ሊከፍት ነው። ከፈተው። ነጭ አረፋ ከላይ ወረደበት። ክዳኑ ተፈናጥሮ ጣሪያውን በሳው።

ማንም አልሞተም። ልጄ ቆማበት የነበረው መሰላል ግን እንደ ሽቦ ተጣሞ ነው የተገኘው። የኬሚስቱ ቀኝ እጅ እስከ ክርኑ ተቃጥሎ ነበር።

ኮሚቴ ተሰበሰበ። ኬሚስቱ እጁ እንደተጠቀለለ ቆሞ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ውሃውን ራሴ ሳልፈትሽ አምኜ ፈርሜያለሁ» አለ። ስለ እኔ ቃል አልተናገረም። እኔ ግን ዘጠኝ መስመር ጽፌ ሄጄ ነበር። በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። በጣቴ እየተከተልኩ፣ እየቆምኩ፣ አነበብኩላቸው። ሁለታችንንም አሰናበቱን፤ ልጄም ተከትላን ወጣች። የምርት ኃላፊው የሠራው የተፈረመ ወረቀት አምኖ ነው ተባለ።

ከመውጣቴ በፊት ላቦራቶሪው ገብቼ የቧንቧ ውሃው ጀሪካን አንገት ላይ ቀይ ክር አሰርኩበት። ከእኔ በኋላ የምትመጣዋ ማንበብ ባትችልስ ብዬ።

ሁለት ሳምንት አልተያየንም። እንጀራዬን ስላጣሁ አልነበረም እንቅልፍ ያጣሁት። «የናቅሽውስ እኔን ነው» ያለኝ ጆሮዬ ላይ ቀርቶ ነው። በመጨረሻ ልጄ መረራት።

«እማዬ፣ ሂጂ እንጂ! በአንድ እጁ ሻይ እንኳ እንዴት እንደሚያፈላ አስበሻል?»

ሄድኩ። በሩን በግራ እጁ ከፈተልኝ። ከሳ ብሏል።

«አርፍደሻል» አለኝ።

«ስንት ደቂቃ?»

«አሥራ አራት ቀን ነው። ሰዓቱ እስከዚያ አይቆጥርም።»

አለቀስኩ። እሱም ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ስላለማንበብሽ አንድም ቀን አልተቀየምኩሽም» አለ። «ከእኔ መደበቅሽ ነው ያመመኝ።»

«ከእንግዲህ አልደብቅህም።»

«ይህን በምን አውቃለሁ?»

«ቁጠራ። ሠላሳ ጊዜ ጠይቀኝና ቁጠር።»

ሳቀ። ያ እንደ ልጅ የሚያደርገው ሳቅ ነበር። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለ ፎርም ገፋ አደረገልኝ። ውሃ የሚመረምር አንድ መሥሪያ ቤት ሊቀጥረው ነው፤ መጻፍ ግን አይችልም።

«ጻፊልኝ።»

እሱ እየነገረኝ ቀስ ብዬ ጻፍኩ። ዕድሜ። ትምህርት። የሥራ ልምድ። ወደ ታች ስወርድ «የጋብቻ ሁኔታ» የሚል አነበብኩ። ብዕሬ ቆመ።

«እዚህ ጋ ምን ልጻፍ?»

«አንቺ እውነት ነው የምትይውን ጻፊ» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለየሁ፣ «ያገባ» ብዬ ጻፍኩ። ወስዶ አነበበው። ረጅም ጊዜ አነበበው፤ ለአንድ ቃል!

«ስህተት አለው?» አልኩት ፈርቼ።

«የለውም» አለኝ። «ምንም ስህተት የለውም።»

ዛሬ አንድ ቤት ውስጥ ነን። ቀኝ እጁ ብርድ ሲሆን ያመዋል፤ ልጄ ታሽለታለች። የእሷ ጣቶች ቀለማቸው ተመልሷል። አሁንም ግን ማታ ስትገባ ሳላስበው እጇን እይዝና አያለሁ። ዘበኛው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ወሬውን ይነግረኛል። ታንከሩን ጠግነውታል። ቀይ ክሩ አሁንም አለ፤ ቧንቧው ስለመቀየሩ ግን አያውቅም።

ከዚያ ፋብሪካ ኬሚስቱ ወጣ። ልጄ ወጣች። እኔ ወጣሁ። የምርት ኃላፊው ቀረ።